በእትዬ ዘሀራ ሶሌታ ላይ ጨረቃን የለካንበት ሳምንት

ኮምቦልቻ ከተመለስኩ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ አዲስ አበባ ነው። ፎቁን አየህ ወይ፣ አዲሱን መናፈሻ አየህ ወይ ይለኛል። አላየሁም። ሳምንቱን ሙሉ ከተማዋን በዳር በዳሯ ዞርኳት እንጂ አልገባሁባትም። ያየሁት ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ነው። የሄድኩትም ጨረቃን ልለካ ነው። ይህን ስናገር ይስቃሉ፤ መሳቃቸው አይከፋኝም። ቡራዩ ላይ ይህንኑ ስናገር ያልሳቁ ሰዎች ስለገጠሙኝ ግን፣ ነገሩን ከመጀመሪያው እንደሆነው ልጻፈው ብያለሁ።

እኔ የአየር ጠባይ ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ። ዝናብ እለካለሁ፣ ነፋስ እለካለሁ፣ ሙቀት እመዘግባለሁ። ደመናን ከላይ ሆነው ፎቶ የሚያነሱት ሳተላይቶች ግን ከእኛ ሥራ የራቁ ይመስሉኝ ነበር። ለካስ እነሱም ያረጃሉ። ፀሐይ ስትጠብሳቸው እየኖሩ የካሜራቸው ዓይን ይደክማል፣ ነጭ የነበረው ደመና ደብዘዝ ብሎ ይታያቸዋል። ያን ጊዜ የሳሳው ደመናው ይሁን የደከመው ካሜራው በምን ይታወቃል? ወጥቶ የሚጠርገው ሰው የለም። ስለዚህ ካሜራው ጨረቃን እንዲያይ ይደረጋል። ጨረቃ ላይ ነፋስ የለም፣ ዝናብ የለም፣ ሣር አይበቅልም፤ ፊቷ ያው የድሮው ነው። ካሜራው ከአምናው ይልቅ አደብዝዞ ካያት ጥፋቱ የእሱ ነው፤ የደመናው ምስልም በዚያው ልክ ይታረማል። ችግሩ፣ ጨረቃ ስትሞላና ስትጎድል፣ ስትቀርብና ስትርቅ ብርሃኗ ይለዋወጣል። በየትኛው ቀን ምን ያህል መሆን እንዳለበት አስቀድሞ ለማወቅ ምድር ላይ ያለ ሰው ለዓመታት ሊለካት ይገባል፤ ያውም አየሩ ሳሳና ጠራ ካለበት ከፍታ ላይ ሆኖ።

ለዚህ ሥራ አንድ የውጭ ተቋም ለመሥሪያ ቤታችን የጨረቃ ብርሃን መለኪያ አዋሰን። በሦስቱ ከተሞች ይሞከርና ሰማዩ የተሻለበት ቦታ ላይ በቋሚነት ይተከላል ተባለ። አለቃዬ ደውሎ፣ የሚለካው ሰው የአዲሱ ጣቢያ ኃላፊ እንደሚሆን ነገረኝ። ባለቤቴ ገና ሻንጣዬን ሳልዘጋ ልጆቹን እዚያ የት እንደምናስተምራቸው ማሰብ ጀምራ ነበር።

ሰኞ

ከኮምቦልቻ የተነሳሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። አውቶቡሱ ላይ ከጎኔ የተቀመጡ እናት ለልጃቸው የያዙት የዘይት ጀሪካን ክዳኑ ላልቶ ኖሮ፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ግማሹ ሻንጣዬ ውስጥ ገብቷል። ሴትዮዋ ከእኔ በላይ አዘኑ። ሸሚዞቼን አንድ በአንድ አውጥተው በነጠላቸው ሲጠርጉልኝ ነጠላውም ሸሚዙም ተበላሸ። በየኬላው ወርደን ተፈትሸን፣ ጣርማበር ላይ ጉም ይዞን፣ ደብረ ብርሃን ምሳ ሳንበላ አልፈን ለገጣፎ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው።

ለገጣፎ ላይ የተቀበለኝ ገመቹ ይባላል። የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነው፤ በዕድሜ እኩያዬ ነው፣ የሱሉልታ ሰው ነው። መለኪያውን ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦ በቀበቶ አስሮታል፣ ልክ ሕፃን ልጅ ይዞ የሚሄድ ይመስል። በቀለበት መንገድ ዞረን ሰበታ ስንገባ ጨረቃ ከራሳችን በላይ ነበረች፣ ግማሽ ሆና። እኛ ዘንድ ተራራው ስለሚከልላት ሰው ዘግይቶ ነው የሚያያት። እዚህ ገና በቀን ማንም ልብ ሳይላት በሰማዩ መሐል ትጓዛለች።

የምንለካው አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነበር። ዘበኛው ወንበር አመጡልን፣ የራሳቸውን ካፖርት አልብሰውኝ እሳቸው በሹራብ ተቀመጡ። ችግሩ ከአጥሩ ማዶ ያለው ፋብሪካ ነው። አምፖሎቹ ሰማዩን ብርቱካን አስመስለውት፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ነገር በጨረቃዋ ፊት ይመላለሳል። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። መብራት ሲጠፋ ደስ አለን። ሰበታ ጨለመች፣ ሰማዩ ጠራ፣ ቁጥሩ ረጋ። ደስታችን ግን ፋብሪካው ጄኔሬተሩን እስኪያስነሳ ድረስ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ጥቁር ጭስ ወደ እኛው መጣ።

ማደሪያችን ከግሮሰሪ በላይ ያለ ፔንሲዮን ነው። ከሥራችን ሙዚቃ፣ ከጎናችን ጠብ። ሸሚዜ ዘይት ዘይት እየሸተተ ተኛሁ።

ማክሰኞ

በማግስቱ ነፋሱ ይቀየራል ብለን ጠበቅን፤ አልተቀየረም። ምሳችንን የበላነው አስፋልት ዳር ካለች ምግብ ቤት ነው። ባለቤቷ ከሩቅ እንደመጣሁ ስትሰማ ሽሮውን በቅቤ አድርጋ ደግማ አመጣችልኝ። ምን ልትሠራ መጣህ ስትለኝ ነገርኳት። አየት አድርጋኝ፣ ለኛ ልጆች ሥራ ጠፍቶ ለጨረቃ ሥራ ተገኘ ወይ አለችኝ። ገመቹ ሳቀና ሂሳብ ጠራ።

ማታ ያው ጭስ፣ ያው ብርቱካን ሰማይ። ሰበታ አትሆንም ብለን ደመደምን። በልቤ አልከፋኝም። የቀሩት ሁለቱ ከፍ ያሉ ናቸውና ጣቢያዬን ከዚያ አገኛለሁ ብዬ ነበር።

ረቡዕ

ቡራዩ የምናርፈው እትዬ ዘሀራ ዘንድ ነው። የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው። ገና በልጅነታቸው ከባላቸው ጋር ከወሎ ወጥተው፣ ቡራዩ ላይ የፕላስቲክ ዕቃና የድስት ሱቅ ከፍተው ኖረዋል። ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል፣ ልጆቻቸው ጂዳ ናቸው። ቤቱ ከምድር ሱቅና መኖሪያ ነው። ባለቤታቸው ፎቅ ለመጨመር አስበው ሶሌታውን አስሞልተው ነበርና፣ ከላይ ሜዳ የሆነ ኮንክሪት አለ፣ ዙሪያውን ፌሮ እንደ ሸንበቆ ቆሞበታል። ይህን ሶሌታ ነበር ለመለኪያው ያሰብኩት።

እትዬ ዘሀራ ሲያዩኝ አልቅሰው ተቀበሉኝ። ስለ እናቴ፣ ስለ ጎረቤቶቿ፣ ሞቶ ስለቆየው አጎቴ ሳይቀር ጠየቁኝ። ሩዝ በሥጋ ሠርተው ነበር የጠበቁን። በላችሁ ወይ ሳይሆን ለምን አልበላችሁም ነው የሚሉት፤ አፋችን ሞልቶ እያለ። የራሳቸውን አልጋ ለእኔ ለቀው እሳቸው ሱቁ ውስጥ ፍራሽ አነጠፉ። እንቢ ብል፣ እናትህ ብትሰማ ምን ትለኛለች ብለው አፌን አዘጉኝ።

መለኪያው የረመዳንን ጨረቃ ለማየት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሰው በየዓመቱ ታየች አልታየችም እያለ ከሚጣላ ቢገላገል ደስ እንደሚላቸው ነገሩኝ። አይደለም ብዬ ስለ ሳተላይቱ ዓይን አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ መነጽር ሲያሠሩ ሐኪሙ ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ፊደሎች እንዳስነበባቸው አወሩኝ። «ፊደሉማ አይለወጥ፤ የሚለወጠው የኔ ዓይን ነው። እንደሱ ነዋ» አሉ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደሳቸው ቶሎ የገባው ሰው አላገኘሁም።

ምሽት ላይ መለኪያውን አወጣነው። ባለሦስት እግር መቆሚያ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ቱቦ ነው፤ ጨረቃን ራሱ እየፈለገ ቀስ እያለ ይዞራል። ነፋሱ ከመናገሻ በኩል ነበር፣ አየሩ የታጠበ ይመስላል። ቁጥሩ አንዱ ከሌላው ጋር እየገጠመ መጣ። ገመቹን ትከሻውን መታሁት። እዚህ ነው አልኩት።

ከሥራችን፣ ከሱቁ ቀጥሎ፣ ብየዳ ቤት አለ። ባለቤቱ ኦቦ ቶሎሳ የእትዬ ዘሀራ የድሮ ጎረቤት ናቸው፤ ውኃ እንኳ የሚቀዱት ከእትዬ ዘሀራ ቧንቧ ነው። ሥራ ጨርሰው በሩን ሲዘጉ ቀና ብለው ሲያዩን አየኋቸው። እጄን አውጥቼ ሰላም አልኳቸው። አየት አድርገውኝ ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሐሙስ

ጠዋት እትዬ ዘሀራ ጨጨብሳ በማር ይዘውልን መጡ። ሱቁ ግን ጭር ብሏል። ቧንቧው ላይ በየማለዳው የሚሰለፈው ጀሪካን አልመጣም። እሳቸው ነገሩን ልብ አላሉትም፣ ወይም ያላሉ መሰሉ።

ከሰዓት በኋላ ሰዎች ወደ ሱቁ መጡ፣ ሊገዙ አይደለም። ከፊት ኦቦ ቶሎሳ አሉ፣ ከኋላቸው ጎረቤቶቹ፣ ወንድም ሴትም። ገመቹ «አካም ኦልተን» ብሎ ተነሣላቸው፤ ሰላምታውን በአጭሩ መለሱ። ኦቦ ቶሎሳ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ልጄ፣ እኔ ይሄን ቤት ስሠራ ወጣት ነበርኩ» አሉኝ። «ከዚህ ማዶ የነበሩትን ሰዎች አፈረሱባቸው። መጀመሪያ የመጣው ዶዘር አይደለም። መጀመሪያ የመጣው እንዳንተ ያለ ሰው ነው፣ ባለሦስት እግር ይዞ። መንገዱ በማን በኩል እንደሚሄድ ብቻ ንገረን።»

ጨረቃን እንደምንለካ ነገርኳቸው። ማንም አልሳቀ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አሳየሁ፤ ቀያሾቹም ደብዳቤ ነበራቸው አሉኝ። ኑና እዩት ብዬ ወደ ሶሌታው ወሰድኳቸው። አሁን ሳስበው የባሰው ይህ ነው። ዕቃው ቴሌስኮፕ አይደለምና ዓይን የሚደገንበት ቀዳዳ የለውም። ጨረቃን ላሳያቸው አልቻልኩም። ያለው ላፕቶፑ ላይ የተደረደረ ቁጥር ብቻ ነው። አንድ ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ አየውና ወደ ሌሎቹ ዞሮ፣ ይሄ ቁጥር ሜትር ነው አላቸው።

ገመቹ በኦሮምኛ ረጅም ነገር ተናገረ። አገሩን ጠቀሰላቸው፣ አባቱን ጠቀሰላቸው፣ ስለ ሳተላይቱም የቻለውን ያህል አስረዳ። ኦቦ ቶሎሳ ጨርሶ እስኪናገር ጠበቁትና አንድ ነገር ብቻ መለሱለት። በኋላ ሲተረጉምልኝ፣ በገዛ ቋንቋችንም ትዋሸናለህ ነው ያሉት አለኝ።

ያን ጊዜ እትዬ ዘሀራ ከኋላ ወጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ከእኔ ፊት ቆሙ።

«ዘመዴ ነው» አሉ። «የሚለካው ጨረቃን ነው። ከዋሸ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ የት እንደምገኝ ታውቃላችሁ።»

ኦቦ ቶሎሳ እሺ አሉ። እሺ ያሉበት ድምፅ ግን ያመነ ሰው ድምፅ አልነበረም። ወርደው ሄዱ።

ዕቃውን ጠቅልለን በዚያው ሰዓት ለመሄድ ተነሣን። እትዬ ዘሀራ ከለከሉን። አሁን ከሄዳችሁ ቀያሽ ስለነበሩ ሸሹ ይላሉ፣ ሥራችሁን ሥሩ አሉን። ስለዚህ ያን ምሽትም ለካን። ከታች መንገዱ ላይ ሰዎች ቆመው ያዩናል፣ አይጮሁም፣ አይሳደቡም፤ ያያሉ ብቻ። በሳምንቱ ውስጥ እንደዚያ ምሽት የጠራ ሰማይ አላየሁም። ቁጥሮቹ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ ነበሩ። እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ መንገዱን ነበር የማየው።

ዓርብ

ስንሰናበት ከጎረቤት አንድም ሰው አልወጣም። እትዬ ዘሀራ ዳቦ ቆሎ በላስቲክ ቋጥረው ሰጡን። ሦስት ቀን እንደምናድር ነበር ያቀድነው፣ በቃን ብለን አንድ ቀን ቀድመን መውጣታችን ነው። ይህን ያውቃሉ። «አብሽር፣ ይረሱታል» ብቻ አሉኝ። ሱቃቸውን ከፍተው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር የተለየኋቸው። በዚያ በኩል የሚያልፈው ሰው ወደ ማዶ ተሻግሮ ያልፋል።

በአስኮ፣ በአዲሱ ገበያ አድርገን የእንጦጦን ጫፍ ተሻገርን። ሱሉልታ ሌላ አገር ነው። ሜዳው ሰፊ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር፣ በየመንገዱ ዳር በቱታ የሚሮጡ ወጣቶች። የኮምቦልቻ ሰው ብርድ ሲባል ደሴን ነው የሚያስበው፤ ደሴ እዚህ ቢመጣ ሹራብ ይፈልጋል። ያረፍነው የገመቹ አማት ዘንድ ነው። ሴትዮዋ አማርኛ ብዙ አይናገሩም፣ ግን ትኩስ ወተት በትልቅ ኩባያ አምጥተው እስክጨርሰው ድረስ ከፊቴ አይነሡም። ገለቶማ ስላቸው ደግመው ይሞላሉ፤ ምስጋናዬ ጨምሩልኝ እንደማለት ሆነብኝ።

ጨረቃዋ ልትሞላ ትንሽ ቀርቷታል። መለኪያውን ከከብቶቹ በረት ኋላ አቆምነው። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ቆይቶ ጉም ከሜዳው ተነሣና ጨረቃንም፣ በረቱንም፣ ገመቹንም ሸፈነብኝ።

ቅዳሜ

በማግስቱም ጉሙ ቀደመን። የሰበሰብነውን ሁሉ ለአለቃዬ ላክሁለት። ሲደውልልኝ ደስ ያለው ይመስል ነበር፣ የቡራዩ ቁጥር በጣም ያምራል አለኝ። የቱ ይሻላል ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት፦ ሰማዩ ከሆነ ቡራዩ፤ ነገር ግን ሰዉ ቀያሽ መስለነው ፈርቷልና ከመትከላችን በፊት የሚያስረዳ ሰው መሄድ አለበት አልኩት። ያንን ሳልጨርስ አቋረጠኝ።

መለኪያው ወደ ባለቤቶቹ ይመለሳል አለኝ። ሌላ አገር ሊተከል ተወስኗል። መቼ ተወሰነ ስለው፣ እናንተ ከመውጣታችሁ በፊት አለኝ።

«ታዲያ ለምን ሄድን?»

«ዕቅዱ ውስጥ ስለነበረ» አለኝ። ተቆጥቶ አልነበረም፣ አፍሮም አልነበረም። ሪፖርቱን ሳትረሳ ላክልኝ ብሎ ዘጋው።

ለገመቹ ነገርኩት። መለኪያውን እያየ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አጉተመተመ። ምን አልክ ስለው፣ አይተረጎምም አለኝ።

እሑድ

ገመቹ ለገጣፎ ድረስ አድርሶኝ ተሰነባበትን። በመልሱ አውቶቡስ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ ዘይትም አልፈሰሰብኝም። የጀመርኩትን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምኩ ባለቤቴን እንዴት እንደምነግራት አስብ ነበር። ከነገርኳት በኋላ የልጆቹን ትምህርት ቤት ነገር ዳግመኛ አላነሳችም።

ጉዞው እዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ከወር በላይ ካለፈ በኋላ ገመቹ ደወለ። በእትዬ ዘሀራ ሰፈር በኩል መንገድ ይሰፋል ተብሎ ቤቶቹ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፣ ከዚያም ፈርሰዋል። የኦቦ ቶሎሳ ብየዳ ቤት ፈርሷል። የእትዬ ዘሀራ ሱቅና ያ ሶሌታ ፈርሷል። መንገዱን የቀየሱት ሰዎች ከእኛ ጋር የሚያገናኛቸው አንዳች ነገር የለም፤ የእኛን መምጣትም አያውቁም። ይህን ለማን እናስረዳለን? ሰፈሩ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። ባለሦስት እግሩ የመጣው በእትዬ ዘሀራ ቤት ነው፣ ቆመው የማሉለትም እሳቸው ናቸው። አሁን ራቅ ብሎ ካለ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው ነው ያሉት፤ የድሮ ጎረቤት አንድም ሰው አልጠየቃቸውም አለኝ።

ልደውል ፈልጌ ቀናት ፈራሁ። እሳቸው ቀደሙኝ። ድምፃቸው ደህና ነበር። አልሐምዱሊላህ ጤና ነኝ፣ ዕቃዬም ብዙው ተርፏል አሉኝ። ልጆቻቸው ጂዳ ነይ እያሏቸው መሆኑን፣ እሳቸው ግን በዚህ ዕድሜያቸው የሰው አገር እንደማይሄዱ ነገሩኝ። እኔም አይዞዎት እላለሁ።

«ሰይድ» አሉኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። አልቆጣህም። አሁን የሆነው ሆኗል፣ ለእኔ ለብቻዬ ንገረኝ። ያ ዕቃ የለካው በእውነት ጨረቃን ነው?»

«ወላሂ እትዬ፣ ጨረቃን ነው» አልኳቸው።

እሺ አሉኝ፤ ኦቦ ቶሎሳ ሶሌታው ላይ እሺ ባሉበት ድምፅ። ከዚያ እናቴ እንዴት ናት ብለው ጠየቁኝ፣ ጉልበቷን ትንሽ ተሽሏት እንደሆነ፣ ዘንድሮ ኮምቦልቻ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ። ሁሉንም መለስኩላቸው። ስለ ጨረቃው ግን ዳግመኛ አላነሱም፤ እኔም እንደገና ልምልላቸው አልቻልኩም።